አዳዳ ያሠራችኝ መደብ

አዲስ አበባ የቤት ውስጥ ዲዛይን ስማር መምህራችን የሙያውን ታሪክ የጀመረልን ከባሕር ማዶ ባለጸጎች ሳሎን ነበር። እኔም ቃል በቃል ጻፍኩ። አዳዳ አንዴም ትዝ አላለችኝም። የአባቴ እህት ናት፤ በእኛ በከሚሴ የአባት እህት አዳዳ ትባላለች። በጨፋ ሸለቆ ሙሽራ የሚገባበትን ቤት ግድግዳ የምትለቀልቀው፣ የጭቃ መደቡን የምታበጀው እሷ ነበረች። መጀመሪያ የቤቱን ትልቅ ሰው ከጉልበት እስከ ተረከዝ በገመድ ትለካለች። "እዚህ ቤት ጉልበቱን የሚያመው ማነው?" ብላም ትጠይቃለች። ይህን እያየሁ አድጌ ሙያ ነው አላልኩም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ።

ተመርቄ ስመለስ እጄን የፈታሁት በአባቴ ቤት ላይ ነው። አዳዳ የሠራችውን የጭቃ መደብ አስፈረስኩ። ጣሪያውን ጂፕሰም፣ ወለሉን ሴራሚክ አስደረግሁ፤ በመደቡ ቦታ ሶፋ አስገባሁ። ጎረቤቱ እየገባ "ማሻአላህ" ሲል ልቤ አበጠ። አባቴም መረቀኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ ገባኝ። አባቴ ሶፋው ውስጥ ይሰምጥና መነሳት ያቅተዋል። የእንጨት ወንበር ባመጣለትም፣ ሲደገፈው ሴራሚኩ ላይ ይንሸራተታል። የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ በደረሰ ቁጥር "ልጄ፣ እስኪ እጅሽን" ይለኛል። ከብት እየነዳ ሰንበቴ ገበያ በእግሩ ደርሶ ይመለስ የነበረ ሰው፣ ለሶላት ለመነሳት ልጁን ይለምናል። ድምፁ በየቀኑ እያነሰ ሄደ። አንድ ቀን ጭራሽ ሳይጠራኝ ቀረና እዚያው ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ሰገደ። አፈርኩ፤ ወላሂ አፈርኩ።

በዚያው ሰሞን አዳዳ ልትጠይቀን መጣች። ጣሪያውን ቀና ብላም አላየች። ግድግዳውን በእጇ ዳበስ ዳበስ አድርጋ፣ "ወንድሜ ምን ይዞ ነው የሚነሳው?" አለችኝ።

ከመደቡ በላይ፣ ግድግዳው ላይ አንዲት የጭቃ ጉብታ ነበረች። የአሠራር ጉድለት መስላኝ አብሬ ነው ያስፈረስኳት። ለካ የእጅ መያዣ ኖራለች።

"አዳዳ፣ መልሰሽ ሥሪልኝ" አልኳት።

"እጄ ይንቀጠቀጣል። ትሠሪያለሽ፣ አሳይሻለሁ።"

ሶፋውን አስወጣሁ። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር ረገጥኩ። ሁለቴ አስፈረሰችኝ፤ "ይኼን ሁሉ ዓመት ምን ስትማሪ ነበር?" እያለች። ያ ደብተሬ ትዝ አለኝ፤ በዚያ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እሷን የመሰለ አንድ ሰው አልነበረም። ጉብታዋ ጋ ስደርስ በድሮው ልክ ልሠራት ስል እጄን ያዘችኝ።

"ዝቅ አድርጊው" አለች። "ወንድሜ ጎብጧል።"

ዝቅ አድርጌ ለጠፍኳት።

ጭቃው የደረቀ ዕለት፣ የዙሁር አዛን ሲሰማ ጓዳ ሆኜ ጠበቅሁ። እንደ ልማዴ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ተዘጋጀሁ። ጥሪ አልመጣም። በበሩ ብቅ ስል አባቴ ጉብታዋን ጨብጦ ቆሟል። እዚያ መሆኔንም አላወቀም።