ለካርፕ ያዘጋጀሁት ምሳ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ቡታጅራ ውስጥ ሞባይል ያላቸው ሰዎች በጣት በሚቆጠሩበት ዘመን ነው። የዚያን ጊዜ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን በዝዋይ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር አስታውሰዋለሁ፤ ብቻዬን እስቃለሁ፤ ትንሽም አፍራለሁ።

ሥራዬ የሬዲዮና የቴፕ ጥገና ነበር። እሑድ እሑድ ግን ዝዋይ ሐይቅ ወርጄ ዓሣ አጠምዳለሁ። ይህን ለሰው አላወራም። በእኛ ሰፈር ባለትዳር ሰው ክር ይዞ ቀኑን ሙሉ ውሃ ዳር ተቀምጦ ዋለ ከተባለ "ምን ነካው?" ነው የሚባለው። ባለቤቴ ዘይነባ እንኳ ጎረቤት ሲጠይቃት "ዕቃ ሊገዛ ሄዷል" ነበር የምትለው።

አንድ ቀን የሐይቁ አጥማጅ የሆነ ሰው ካርፕ ስለሚባለው ዓሣ ነገረኝ።

"ትልቁ የበግ ግልገል ያህላል" አለኝ። "ግን ምግብ ያውቃል። በትል አትሸውደውም። የሚጣፍጥና ጠንከር ያለ ነገር ካልሰካህለት ዞር ብሎም አያይህ።"

ከዚያ በኋላ ሐሳቤ ሁሉ ካርፕ ሆነ።

ዘይነባ የወለደች እህቷን ልትጠይቅ ወልቂጤ በሄደችበት ቅዳሜ ማዕድ ቤቱን ብቻዬን ያዝኩት። የበቆሎ ዱቄትና የሽምብራ ዱቄት ደባለቅኩ። አራት እንቁላል ሰበርኩበት። ሽታው ከሩቅ እንዲጠራ ትንሽ ቆጮ፣ ከዚያ ከዘይነባ ማሰሮ ሁለት ማንኪያ ቅቤ፣ በመጨረሻም የደረቀ የዓሣ ጭንቅላት ወቅጬ ጨመርኩበት። አሽቼ፣ በትንንሹ አድበልብዬ፣ ውሃ ውስጥ እንዳይፈርስ ቀቅዬ አደረቅኩት። ሲደርቅ በምሳ ዕቃ አድርጌ ማር አፈሰስኩበት። ሃያ ሁለት ፍሬ ወጣው። ለራሴ ልጆች እንዲህ ያለ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት የዝዋይ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ከጎኔ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ተሳፋሪው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው፤ ልጃቸው ራህማ ትባላለች። ከፊቴ ደግሞ አንዲት የበርበሬ ነጋዴ ነበረች። ብዙም ሳንሄድ ዞር አለች።

"ወንድሜ፣ የያዝከው ምንድን ነው? መኪናውን ሞላው እኮ።"

"ምሳዬ ነው" አልኳት።

እሷም መስኮቱን ከፈተችው።

ቆሼን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ጎማ ፈነዳ። ተጠባባቂውም ጎማ ነፋስ አልነበረውም። ሾፌሩ ጎማውን በሚያልፍ አይሱዙ ጭኖ ሊያስለጥፍ ወደ ቆሼ ተመለሰ። እኛ አንድ ግራር ሥር ተቀመጥን።

ሐጂ መንገዱን ሁሉ ሲያጫውቱን ነበር የመጡት። አሁን ዝም አሉ። ፊታቸውን ላብ አጠመቀው፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ራህማን በሌላ ሰው ስም ጠሯት። እሷ ወዲያው ገባት።

"ስኳር አለበት" አለችን። "መርፌውን ተወግቶ 'ዝዋይ ስንደርስ እበላለሁ' ብሎ ቁርሱን ትቶ ነው የወጣው። አሁን ስኳሩ ወርዶበታል፤ እባካችሁ የሚጣፍጥ ነገር የያዘ ሰው የለም?"

ሁሉም ኪሱንና ዘንቢሉን ፈተሸ። ነጋዴዋ ያላት በርበሬ ብቻ ነው። ከዚያ ዓይን ሁሉ ምሳ ዕቃዬ ላይ አረፈ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ በልቤ ያልኩት "ሦስት ብሰጣቸው አሥራ ዘጠኝ ይቀረኛል" ነበር። ቀጥሎ ደግሞ የዓሣው ጭንቅላት ትዝ አለኝና ደነገጥኩ።

"ይሄ ለሰው አይሆንም" አልኩ።

"ላንተ ሆኖ ለእሳቸው የማይሆነው ለምንድን ነው?" አለች ነጋዴዋ።

"ምሳዬ ነው ያልኩት ውሸቴን ነው። የዓሣ ምግብ ነው።"

"ምን ምን አለበት?"

"ዱቄት፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ማር…"

"ማር? ለዓሣ?" ወደ ሌሎቹ ዞረች። "ሰው ነፍሱ እየወጣ እሱ ምሳውን ይደብቃል።" ይህን ብላ ምሳ ዕቃውን ከጭኔ ላይ አነሳችው።

ራህማ ጣቷን ማሩ ውስጥ እየነከረች የአባቷን ድድ ቀባች። ሐጂ መላስ ጀመሩ። በደንብ መዋጥ ሲችሉ ከድብልብሉ እየፈረፈረች አጎረሰቻቸው። እኔ በሆዴ "ያ ረቢ፣ የዚያን ዓሣ ጭንቅላት ነገር አደራህን" እያልኩ ቆሜያለሁ።

ጥቂት ቆይቶ ላባቸው ደረቀ። "የት ነው ያለነው?" ሲሉ ራህማ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ሐጂ ግን እጃቸውን ሰደው አንድ ሌላ ድብልብል አነሱና በእርጋታ አኘኩት።

"ዓሣ ዓሣ ይላል እንጂ ጥሩ ነው" አሉኝ። "የሠራችው ባለቤትህ ናት? እጇ ይባረክ።"

"አሚን" ከማለት በቀር ምን እላለሁ?

ከዚያ ነጋዴዋ አንድ ቀመሰች። ሌሎቹም ተከተሉ። ሾፌሩ ጎማውን ይዞ ሲመለስ የቀሩትን ሦስቱን "ደክሞኛል" ብሎ በላቸው። ሐይቁ ጋ የደረስኩት መንጠቆና ባዶ ምሳ ዕቃ ይዤ ነው። ቀኑን ሙሉ በትል ሞከርኩ፤ ምንም አልያዝኩም።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐጂና ራህማ ሱቄን አጠያይቀው፣ አንድ ገንቦ ማር ይዘው ቤቴ ድረስ መጡ።

"አሰላሙ አለይኩም፤ ያተረፈችኝን ልጅ ላመሰግን ነው የመጣሁት" አሉ ሐጂ።

ዘይነባ እሳቸውንም እኔንም አየች። "ምን አድርጌ?"

ማምለጫ አልነበረኝም። ከቅቤው ጀምሬ እስከ ዓሣው ጭንቅላት ድረስ ሁሉንም ተናገርኩ።

"እንግዲህ እኔ የበላሁት የዓሣ ምግብ ነው?" አሉ ሐጂ።

"አዎ ሐጂ። አውፍ ይበሉኝ።"

ዘይነባ ቀስ ብላ "ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ቁርስ ሠርቶልኝ አያውቅም" አለች።

ሐጂ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "በይ እንግዲያው ነይ፣ እዚህ ከእኛ ጋር ተቀመጪ" አሏት። "ለዓሣ እንዲህ የደገሰ ሰው የዛሬውን ምሳ ለእኛም ይሥራ።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ግን ማንም አልተነሳም። ሽንኩርት ስከትፍ ሦስቱ ሳሎን ሆነው ስለ እኔ ሲጫወቱ ይሰማኛል። ወጡ አረረብኝ። ሐጂ ጨርሰው በሉና "የዓሣው ይሻል ነበር" አሉኝ።

ትልቅ ካርፕ እስከ ዛሬ አልያዝኩም፤ እሱ ብዙም አይቆጨኝም። ሰው እየተንቀጠቀጠ ድብልብል መቁጠሬ ግን ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ይህን ለሐጂም ለዘይነባም አልነገርኳቸውም። መንገድ ስወጣ ኪሴ ከረሜላ አያጣም። ዘይነባ "ምነው፣ እንደ ልጅ ከረሜላ ወደድክ?" ትለኛለች። "አዎ፣ ወደድኩ" እላታለሁ።