ሹሉና ጠፍጣፋው ጥይት

ቢሮ ውስጥ ወረቀት የምበሳባትን ብረት በተጫንኩ ቁጥር ጣቴ ቀዳዳውን ሳይዳስስ አያልፍም። ጠርዙ ልሙጥ ነው፣ አንድም የተተረተረ ነገር የለውም። አብረውኝ የሚሠሩት ይስቁብኛል። አንተም ሳቅ፤ እኔ ግን ወረቀት ላይ ያለ ቀዳዳ አይቼ ምን እንደበሳው መናገር የተማርኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው፣ ካርቱም ውስጥ፣ ካፉሪ የሚባል ሰፈር፣ ከአባቴ።

አባቴ የአንድ ሀብታም ቪላ ገፊር ነበር፤ እኛ ዘበኛ የምንለው ማለት ነው። እናቴ ካለፈች በኋላ እኔና እሱ በሩ አጠገብ ባለችው አንድ ክፍል እንኖር ነበር። ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ሲቀራቸው ባለቤትየው የግቢውን ዘይቱን የሚጨርሱበትን ወፎች እንዲያባርርለት የአየር ጠመንጃ ገዝቶ ሰጠው።

አባቴ ወፍ መግደል አንጀቱ አልቻለም። በምትኩ ከደብተሬ ወረቀት ገንጥሎ የኋላው ግንብ ላይ ለጠፈ። በመጀመሪያው ቀን «እርሳሱን አምጪልኝ» ሲለኝ ሮጬ የምጽፍበትን እርሳስ አመጣሁለት። ለካ እሱ በዐረብኛው «ረሳስ» ማለቱ ነው፣ ጥይቱን። እዚያ ያደግን ልጆች አማርኛችን እንዲህ ነበር። እስኪያስለው ሳቀና «በይ እሱንም ያዢው፤ ተኩሰን ትጽፊያለሽ» አለኝ።

ጥይቶቹ ከጥፍሬ ያነሱ፣ ወገባቸው የቀጠነ የእርሳስ ፍሬዎች ነበሩ። በሦስት ቆርቆሮ ነው የመጡት፤ የአንዱ አናት ጠፍጣፋ፣ የአንዱ ድቡልቡል፣ የአንዱ ሹል። መጀመሪያ ሁለታችንም በሹሉ ነበር የምንምለው። ሹል ነገር ይወጋል፣ ሌላ ምን ጥያቄ አለው? የትምህርት ቤት ዕረፍቱን ሙሉ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ውሃ የጠጣው አፈር እየሸተተን፣ የቪላው አየር ማቀዝቀዣ ከበላያችን እያጓራ፣ አምስት አምስት እየተኮስን እናወዳድር ነበር። የጠመንጃው ሞላ ጠንካራ ነው፣ አንድ ቀን ጣቴን ነክሶኛል። ስለዚህ አፈሙዙን አጥፎ፣ ጥይቱን አጉርሶ የሚያቀብለኝ እሱ ነበር።

በሃያ እርምጃ ጠፍጣፋው አምስቱንም በለስላሳ ቆርኪ ልክ ይሰበስባቸዋል። ድቡልቡሉ በሻይ ብርጭቆ አፍ ልክ። ሹሉን ግን መዳፌን ዘርግቼም አልሸፍነውም። እስከ ግቢው ጫፍ ስንርቅ ጠፍጣፋው ይዋዥቅና ድቡልቡሉ ይበልጠዋል፤ ሹሉ የትም አልበለጠም፣ መልክ ብቻ። ቀዳዳቸውም ይለያያል። ጠፍጣፋው ወረቀቱን ቆርጦት ነው የሚወጣው፤ ሹሉ ገፍትሮ ያልፍና ጠርዙን ይተረትረዋል። ይህን በዚያ ግቢ ከእኔና ከአባቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። «ወረቀት አይዋሽም» ይለኝ ነበር፣ የራሱ ጥይት ዳር ሲወጣበት እንኳ።

የባለቤትየው ልጅ እኩያዬ ነበር። ክፉ አልነበረም፣ ምላሱ ብቻ ትፈጥናለች። አንድ ቀን በሹሉ ሲተኩስ አይቼ የያዝከው ጥይት አይረባም አልኩት። ሄዶ ለአባቱ ነገረው። ባለቤትየው ነገሩ አሳቀውና ለጁምዓ ውድድር ይሁን አለ፤ አምስቱን አጠጋግቶ የመታ ጠመንጃውን ይውሰድ። ያን ሳምንት እህል በአፌ አልዞር አለኝ። በሕይወቴ የኔ የምለው ነገር ኖሮኝ አያውቅም፣ ጠመንጃው ደግሞ የኔ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበርኩ።

ጁምዓ ዕለት እንግዶቹ ከምሳ ተነሥተው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ልጁ ሹሉን መረጠ፣ እኔ ጠፍጣፋውን። ቆርቆሮዎቹን የያዘው አባቴ ነበር። ፊቱን ወደ ዛፉ አዙሮ ያጎርሳል፣ ተራ በተራ ያቀብለናል። ምን እንዳጎረሰ አይቼ ስለማላውቅ የዚያን ዕለትም አላየሁም። ትንፋሼን ይዤ፣ እሱ እንዳስተማረኝ ሳልቸኩል ተኮስኩ።

ወረቀቶቹ ሲመጡ የኔው ተበታትኗል። የልጁ በቆርኪ ልክ ነው። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ልጁም አላልኩሽም፣ ሹሉ ነው የሚሻለው አለኝ፣ ከልቡ አምኖ። እኔ ግን ቀዳዳዎቹን እያየሁ ነበር። የኔ አምስቱም ጠርዛቸው ተተርትሯል። የሱ አምስቱም ልሙጥ። ቀና ብዬ አባቴን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቶ ቆርቆሮ ይከድናል።

«ያላ፣ ማብሩክ በዪው» አለኝ።

አልኩት። ፈገግ ብዬ ነው እንኳን ደስ ያለህ ያልኩት፣ ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚሉት ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ዛፎቹን ውሃ ሲያጠጣ አገኘሁትና ጥይቶቹን ለምን እንዳቀያየረ ጠየቅሁት። አልካደኝም። ልጁ በአባቱ እንግዶች ፊት በገፊር ልጅ ቢሸነፍ ነገ የምንገባበት እንደሌለን ነገረኝ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ አለና ቱቦውን ወደ ሌላው ዛፍ ጎተተ።

«ብትነግረኝ ኖሮ ራሴ እስተው ነበር» አልኩት።

ቱቦውን እንደያዘ ቆመ። «አንቺ ሆን ብለሽ መሳት አትችዪም» አለኝ። «አውቅሻለሁ እኮ ልጄ።»

እውነቱን ነው፣ አልችልም ነበር። ያችን ክፍልም አላጣናትም፤ አራት ዓመት ኖርንባት፣ ትምህርቴን ከዚያው ሆኜ ጨረስኩ። አሁን እኔም ልጆች አሉኝ፣ የያዘው ፍርሃት ይገባኛል። ይገባኛል እንጂ አልበረደልኝም። ጠመንጃውን ልጁ ይውሰደው፤ እኔን ያቃጠለኝ አንድ ክረምት ሙሉ አብረን ያገኘነውን እውነት በገዛ እጁ ገልብጦ ማቀበሉ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቴ የሚሰጠኝን ነገር ሳላገላብጥ ተቀብዬ አላውቅም። ሻይ ቢቀዳልኝ አሸትተዋለሁ፣ ደብዳቤ ጻፍኩልሽ ቢለኝ እያየ አነበዋለሁ። ያየኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ለምን አላለኝም።

በመጨረሻው ሰሞን ባሕሪ የሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይተን ስንኖር ልቡ ታመመ፣ ዓይኑም ደከመ። ክኒኑን የምሰጠው እኔ ነበርኩ፣ ጠዋት ሁለት ፍሬ፣ ከሰዓት አንድ ፍሬ። የትኛው የምን እንደሆነ ጠይቆኝ አያውቅም። መዳፉን ይዘረጋል፣ አስቀምጥለታለሁ፣ ሳያየው ይውጠዋል።