ጋሽ ገመዳ፣ የጋሪ ፈረሶች ሐኪም

ባለፈው ክረምት ጎረቤቴ ዶሮዎቿ ታመውባት መድኃኒት እንድገዛላት ለመነችኝና፣ ከአዳማ መናኸሪያ ወረድ ብሎ ካለ አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ገባሁ። ሻጯ ከመደርደሪያው ሥር ጀሪካን ስታነሣ ክዳኑ ላልቶ ኖሮ ትንሽ ፈሰሰ። የከብት ቁስል የሚታጠብበት ክሪኦሊን ነበር። ያ ሬንጅ ሬንጅ የሚል፣ አፍንጫ ሰርስሮ ጉሮሮ ድረስ የሚወርድ ሽታ ጠባቧን ክፍል ሞላት። ሻጯ ይቅርታ እያለች ወለሉን ትወለውላለች፤ እኔ የመጣሁበትን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሽታ ለእኔ የመድኃኒት ሽታ አይደለም። የጋሽ ገመዳ ሽታ ነው።

ጋሽ ገመዳ በደርግ ጊዜ የከተማችን የእንስሳት ጤና ረዳት ነበሩ። ያኔ ሁላችንም ከተማዋን ናዝሬት ነበር የምንላት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ነበሩ። ከላያቸው የማይለይ ካኪ ካፖርት ነበራቸው፤ ከብስክሌታቸው ኋላ ደግሞ በጎማ ጠፍር የታሰረች የእንጨት ሣጥን። ሣጥኗ ውስጥ ጥጥ፣ መቀስ፣ ጎባጣ መርፌ፣ የክሪኦሊን ጠርሙስና ቁስል ላይ የሚቀባ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው መድኃኒት ነበር። ከዚህ መድኃኒት የተነሣ ጣቶቻቸው ምንጊዜም ቀለም እንደነካቸው ነበር። በሠርግ ቤት እንኳ እጃቸውን ታጥበው ማዕድ ሲቀርቡ ቀለሙ አይለቃቸውም ነበር።

ያኔ ናዝሬት የጋሪ ከተማ ነበረች። ባቡር ሲገባ ከጣቢያው በር እስከ ገበያው ድረስ ጋሪ በጋሪ ይሆናል። የሚንቃጨል ቃጭል፣ የጅራፍ ጩኸት፣ ከግራሮቹ ጥላ ሥር የሚነሣ የጭድና የፈረስ ሽንት ሽታ፣ ከወንጂ በኩል የሚነፍስ ትኩስ አቧራማ ነፋስ፤ ልጅነቴን ሳስብ እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚመጡት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ባለጋሪዎች ከጣቢያው አጠገብ ካለው ትልቅ ግራር ሥር ይሰለፋሉ። ጋሽ ገመዳ ከባለቤቱ በፊት ፈረሱን ነበር ሰላም የሚሉት። በኦሮምኛ «አካም ጅርታ?»፣ እንዴት ነህ፣ ይሉትና መዳፋቸውን አንገቱ ላይ ያሳርፋሉ። ፈረሱ ሲደነግጥ «ሱታ፣ ሱታ» ይሉታል፤ ቀስ፣ ቀስ እንደ ማለት። የተገጠበ ወይም የሚያነክስ ካገኙ የጋሪውን ታርጋ ፈትተው ሣጥናቸው ውስጥ ይከታሉ። ፈረሱ ሳይድን ታርጋው አይመለስም። ባለጋሪዎቹ ይፈሯቸው ነበር፤ ያው ባለጋሪዎች ግን ፈረሳቸው ሆዱን ሲነፋው እሳቸውን ፍለጋ ነበር የሚሮጡት።

የውሻም ሥራ የሳቸው ነበር። የውሻ እብደት በሽታ ገባ ሲባል ባለቤት ለሌላቸው ውሾች መርዝ እንዲያስቀምጡ ይታዘዛሉ። ዋዜማውን ብስክሌታቸውን እየገፉ በየሰፈሩ ይዞራሉ። «ውሻ ያላችሁ እሰሩ፤ ነገ እንዳይወጣ» እያሉ በየበሩ ያንኳኳሉ። እንዲዞሩ ያዘዛቸው ሰው አልነበረም። በማግስቱ ሥራቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ሰው ሰላም ሲላቸው ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቁ ነበር።

እኛ ቤት ደግሞ የዝምታ ቤት ነበር። አባቴ ሞቶ እናቴ በልብስ ስፌት ታሳድገኝ ነበር። የምንሄድበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ከታሸገ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት አምስት ስድስት ሰዎች ልብስ የሚለኩ መስለው እኛ ቤት ይመጡና መጋረጃው ተጋርዶ በሹክሹክታ ይጸልያሉ። እናቴ የስፌት መኪናዋን አንዳንዴ ባዶውን ታንቀሳቅሰዋለች፤ ድምፁ ወደ ውጭ እንዲሰማ። እኔን ደግሞ በየጊዜው ትለኝ ነበር፦ «ማርታ፣ ያየሽውን አላየሽም። የሰማሽውን አልሰማሽም።» ሰው በአንድ ቃል ቤቱ የሚፈርስበት፣ «ጠቋሚ» የሚለው ስም ከሌባም ከነፍሰ ገዳይም የሚከፋበት ዘመን ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ብሆንም ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር።

ከግቢያችን ጀርባ ባለችው ክፍል የአባቴ ታናሽ ወንድም አለማየሁ ይኖር ነበር። አጎቴ ባለጋሪ ነው። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ስለነበረው ቦራ ይባል ነበር። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ቦራን ገና ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ነው ያሳደገው፤ ዝናብ ሲጥል የራሱን ጋቢ ያለብሰው ነበር። በዚያ ዓመት ግን ዝናብ ቀርቶ ጭድም ፉርሽካም ጠፋ። አጎቴ ሰው ማመላለሱን ትቶ ከጣቢያ ሲሚንቶ መጫን ጀመረ፤ ቦራም እየከሳ ሄደ።

አንድ ቀን ከሰዓት የሐብሐብ ልጣጭ ልሰጠው ሄድኩ። ከኮርቻው ሥር ጆንያ ተነጥፎለታል። ዝንቡ ስለበዛብኝ ጆንያውን ገለጥ አደረግሁት። ከሥሩ የመዳፌን ያህል ገጣባ ነበር፤ ቆዳው ተልጦ ሥጋው የተንቦገቦገ፣ ዳር ዳሩ የመገለ። ቦራ አልተራገጠም፤ ቆዳው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀና ስል አጎቴ ከኋላዬ ቆሟል። ጆንያውን መልሶ ሸፈነና ዓይኔን ሳያይ፣

«ማርታ፣ ያየሽውን አላየሽም» አለኝ።

የእናቴን ቃል ከሱ አፍ ስሰማ ልጣጩን ቦራ ፊት ጥዬ ወጣሁ። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። በአራተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የባቡሩ ሐዲድ ማቋረጫ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ቦራ ሲሚንቶ እንደተጫነ በጉልበቱ ወድቋል። አጎቴ በጅራፉ እጀታ ይመታዋል፤ እየመታው ፊቱ በእንባና በላብ ርሷል። ቦራ በስንት መከራ ተነሣ። እኔ ወደ ቤት አልሄድኩም።

የጋሽ ገመዳ ቢሮ ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ጠርሙስ እያጠቡ አገኘኋቸው። በሩ ላይ ቆሜ መናገር አቃተኝ። እሳቸውም ምንድነው ብለው አላዋከቡኝም፤ ሦስት ጠርሙስ አጥበው ደፍተው ካስቀመጡ በኋላ ነው የጠየቁኝ።

«የመጣሽው ስለ ሰው ነው ወይስ ስለ ከብት?»

«ስለ ፈረስ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው አትፍሪ። ስምሽን አልጠይቅሽም፤ የሰውየውንም ስም አትንገሪኝ። የጋሪውን ቁጥር ብቻ።»

ነገርኳቸው። ቁጥሩን አልጻፉትም። ቀና ብለው፣ «የት ነው ቁስሉ?» አሉኝ። ጀርባዬን በእጄ አሳየኋቸው። «በይ ሂጂ፤ እናትሽ እንዳታስብ» አሉኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ባይሆንም ማለዳ ሐዲዱ ማቋረጫ ላይ ቆመው የሚያልፈውን ጋሪ ሁሉ ያስቆሙ ጀመር። አንድም ሳያስቀሩ ከሃያ በላይ ፈረስ አዩ። አጎቴ ተራው ሲደርስ ጆንያውን አነሡና ብዙ ቆዩ። ከዚያ ታርጋውን ፈቱ።

ያን ቀን ምሳ ሰዓት አጎቴ እቤት ገብቶ ተንጎራደደ። «ሌላውን ሁሉ እግሩን ነው ያየው። እኔ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ጆንያውን! የነገረው ሰው አለ።» እናቴ ከስፌቷ ቀና ሳትል «ቁስሉስ ውሸት ነው?» አለችው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በዚያው ሳምንት ቀበሌያችን ለሚያሠራው አዳራሽ ባለጋሪዎች ሁሉ ድንጋይ እንዲያመላልሱ ታዘው ነበር። አጎቴ ታርጋው እንደተወሰደበት፣ ጥቆማም ሳይኖር እንደማይቀር ለሊቀመንበሩ ነገረው። ሊቀመንበሩ ፈረሱ አላሳሰበውም፤ እሱ ሳያውቅ በቀበሌው ውስጥ ሰው የሚጠቁም ሰው መኖሩ ነው ያንገበገበው። እሁድ ስብሰባ ላይ ጋሽ ገመዳን አስጠራቸው።

ከየቤቱ ሰው መገኘት ግዴታ ስለነበር እናቴ ሄደች፤ እኔም ከጎኗ ተቀመጥኩ። ጋሽ ገመዳ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ።

«የልማት ሥራ እየተደናቀፈ ነው» አለ ሊቀመንበሩ። «ስለዚህ ፈረስ የነገረህ ማን ነው? ስሙን ተናገር።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ የማክመው ከብት ነው። ቁስሉን በዓይኔ አይቻለሁ። ሊያዩት ከፈለጉ ፈረሱ ይምጣ።»

«ስም ነው የጠየቅሁህ።»

«ስም የለኝም።»

ወንበሩን አጥብቄ ያዝኩ። ተነሥቼ እኔ ነኝ ማለት ፈለግሁ። ግን እኔ ብነሣ ቤታችን ይፈተሻል፣ ሐሙስ ይታወቃል፣ እናቴ ትታሰራለች። ጋሽ ገመዳ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኛ አልዞሩም። ሊቀመንበሩ ሁለተኛም ሦስተኛም ጠየቃቸው። በመጨረሻ ሁለት ጥበቃዎች ግራና ቀኝ ሆነው ይዘዋቸው ወጡ።

ቤት እንደገባን እናቴ እግር ላይ ተደፍቼ ሁሉንም ነገርኳት። ትመታኛለች ብዬ ነበር። አንሥታ አስቀመጠችኝና፣ «የሐሙሱን ዝም በይ ያልኩሽ የሰው ሕይወት እንዳይጠፋ ነው» አለችኝ። «ይሄን ዝም ብትይ ግን ምን ይተርፍ ነበር?» ከዚያ ተነሥታ ሽሮ ሠራች። ቀበሌው በር አጠገብ ማለፍ የምትፈራው እናቴ ምሳ ዕቃውን በነጠላዋ ሸፍና ስንቁን ቀበሌው እስር ቤት ለጋሽ ገመዳ ወስዳ ሰጠቻቸው።

ስትመለስ በቀጥታ ወደ አጎቴ ክፍል ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። አጎቴ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አቶ ገመዳ ልከውኛል» አለችው። «ቁስሉን ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውሃና ጨው እጠብ ብለውሃል። ዝንብ እንዳያርፍበት በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው፤ ጆንያ ግን አይንካው። ቢሮ ሄደህ መድኃኒቱን ከዘበኛው ተቀበል፤ እኔ እንደላክሁህ ንገረው ብለዋል።»

«ከእስር ቤት ነው ይሄን የላኩብኝ?» አለ አጎቴ።

«ሌላ ምንም አላሉም።»

አጎቴ ተነሥቶ ውሃ ጣደ። ቦራን ሲያጥበው ከመስኮት አየሁት፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ምን እንደሚለው ግን አይሰማም ነበር። በማግስቱ ማለዳ ቦራን በልጓሙ እየሳበ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ አቆመው። ጀርባውን ገልጦ፣ ለሊቀመንበሩና በዚያ ለተሰበሰበው ሰው፣ «ፈረሱ የኔ ነው፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ደብቄ የጫንኩት እኔ ነኝ። እሳቸውን ልቀቋቸው፤ የምታስሩት ሰው ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ» አለ። ለጉዳይ የመጡ ሽማግሌዎች ቁስሉን አይተው ፊታቸውን አዞሩ። አንዱ «ይሄስ ነውር ነው» አሉ። ሊቀመንበሩ ከሕዝብ ፊት መከራከሩ አላዋጣው ብሎ ነው መሰለኝ፣ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ገመዳ ተፈቱ። ካፖርታቸው ተጨማድዷል፣ ጺማቸው ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ቤታቸው ሳይገቡ መጀመሪያ እኛ ግቢ መጥተው የቦራን ጀርባ አዩ።

ቦራ ለመዳን ወር ከምናምን ወሰደበት። አጎቴ በዚያ ጊዜ ከጣቢያው በትከሻው ዕቃ እያወረደ ነው ቤቱን ያኖረው። ታርጋው ሲመለስለት ሲሚንቶ መጫኑን ተወ። ከዚያ በኋላ ጋሪ በባጃጅ እስኪተካ ድረስ በየማለዳው ኮርቻውን ከመጫኑ በፊት መዳፉን በፈረሱ ጀርባ ላይ ቀስ አድርጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሳልፍ ነበር። ሌሎቹም ባለጋሪዎች ከሱ እያዩ ለመዱት። አንዳንዶቹ የጋሽ ገመዳን ስም እንኳ የማያውቁ ወጣቶች ነበሩ።

ጋሽ ገመዳ በዓመቱ ወደ ሻሸመኔ ተዛወሩ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ማረፋቸውን የሰማሁትም ከዘገየ በኋላ ነው።

አጎቴ አርጅቶ አልጋ ላይ በዋለበት ዓመት፣ አንድ ቀን ከሰዓት ገላውን ሳጥበው፣ ጠቋሚዋ እኔ እንደነበርኩ ነገርኩት።

«ሲዛወሩ ዕቃቸውን እስከ መናኸሪያ የጫንኩላቸው እኔ ነኝ» አለኝ። «እዚያ ስንደርስ እንግዲህ አሁንማ ይንገሩኝ፣ ማን ነበር አልኳቸው። ሣቁብኝ። ‹አለማየሁ፣ ፈረሱ ዳነ አይደል?› አሉኝ።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ድኗል አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?»

ዓይኑን ጨፍኖ እጄን ያዘ። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አለቀቀኝም።