በማን ወጣሽ?

ትናንት የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ተጠሪ በክፍላችን መስኮት አንገቷን አስግጋ፣ ጽሑፌ ዓርብ በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያው እንደሚነበብ ነገረችኝ። የእኔ ጽሑፍ! እስከ አምና ድርሰት ጻፉ ሲባል እስክሪብቶዬ ጠፋ የምል ልጅ፣ ባጃጅ ሳልይዝ እስከ መናኸሪያ ብቻዬን እየሳቅኩ ሄድኩ።

የጻፍኩት ስለ አክስቴ፣ ስለ አባቴ እህት ነው። እኔ ሳልወለድ፣ አንድ ጠዋት ከቤት ወጥታ አውቶቡስ ተሳፈረች፤ በዚያው ቀረች። የአባቴም የእናቴም ዓይን ጥቁር ነው፤ የእሷና የእኔ ግን ማር ይመስላል። ዘመድ ሁሉ "በአክስቷ ወጣች" ይላል። ሐይቁ ዳር፣ ቡሹሎ መንደር ያሉት አያቴ፣ የአክስቴ አባት፣ ብቻ እንዲህ አይሉም። ስገባ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ ያዞራሉ፤ ሻይ ስሰጣቸው እንኳ የሚያዩት እጄን ነው። አንዳንዴ ጸጉሬን ሳበጥር ከመስታወቱ የምታየኝ እሷ ትመስለኝና ማበጠሪያውን ጥዬ ከክፍሉ እወጣለሁ።

በቀደም የባዮሎጂ መምህራችን የአንድ ሕዝብ ዘረ-መል ከትውልድ ትውልድ ሳይለወጥ የሚቆየው መቼ እንደሆነ አስተማሩን። ሕዝቡ ብዙ ይሁን፤ በዘረ-መሉ አዲስ ለውጥ አይፈጠር፤ ባሕርዩ ረድቶት ከሌላው ይበልጥ የሚኖርና የሚወልድ አይኑር፤ ሰው የሚያገባውን በመልክ አይምረጥ፤ ማንም አይግባ፣ ማንም አይውጣ።

ከኋላ አንዱ "እንግዲያ መናኸሪያው ይዘጋ፣ ቲቸር" ብሎ ክፍሉን አሳቀ።

እኔ "ማንም አይውጣ" የሚለው ላይ ቀረሁ። መምህሩ እንዲህ ያለ አገር የትም የለም አሉ። ግን ድብቅ ባሕርይ ስላልታየ ብቻ አይጠፋም፤ በአባትም በእናትም ወገን ተሸሽጎ ይቆይና፣ ሁለቱ ልጅ ላይ ሲገናኙ ብቅ ይላል ብለው ጨመሩ።

ቅዳሜ ቡሹሎ ሄጄ ለአያቴ እንደገባኝ አስረዳኋቸው። ያ ዓይን እርስዎም ውስጥ፣ አባቴም ውስጥ ተደብቆ ነበር፤ እኔ ላይ ወጣ አልኳቸው። ከዚያ ዞረው አዩኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዓይን ዓይኔን።

"ታዲያ ከቤት አልወጣችማ" አሉ።

ደስ አለኝ፤ ትንሽም ፈራሁ። ልሄድ ስነሳ ከኋላዬ ጠሩኝ። በአክስቴ ስም ነበር።

"አቤት" አልኩ።

ዓርብ እሳቸውም ይመጣሉ። ክበቡ የፈለገ ሁሉ ይምጣ ብሏልና እናንተም ኑ። ከመምጣታችሁ በፊት ግን ቤታችሁ "በማን ወጣሁ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ያንንም ሰው ይዛችሁልኝ ኑ።