ሳይበርድ የተጠቀለለ ሳምቡሳ

በሩ ሲከፈት አስቀድሜ ያየሁት ጥጥ ነው። ክፍሉ ቀድሞ የጥጥ መጋዘን ስለ ነበር፣ በጣሪያው ማገሮች ላይ ያልተጠረገ ብናኝ ተንጠልጥሎ ከበሩ በገባው ነፋስ ይወዛወዝ ነበር። ከጥጡ ሥር፣ በሲሚንቶው ወለል ላይ፣ ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከማስተማሪያ ክፍል የተወሰድኩት የኬሚስትሪ ትምህርቴን ሳልጨርስ ስለ ነበር ጣቶቼ ገና በጠመኔ ነጥተው ነበር።

«ቲቸር ናት» አለች አንዷ እጄን አይታ። «ግቢ ቲቸር። ወንበሮቹን ለጥገና ልከናቸዋል።»

ይህች ሴት የምዕራብ ዓባያ ሙዝ ነጋዴ ነበረች። ከተተመነው ዋጋ በላይ ሸጠሻል ተብላ ነው የታሰረችው። ከአጠገቧ የተቀመጠችው የገረሴ ሴት የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስትሆን፣ ጥፋቷ በሰው ቤት ተሰብስቦ መጸለይ ነበር። የእኔ ጉዳይ አጭር ነው። ከትምህርት ቤታችን የተሰወረ አንድ ባልደረባዬ ያለበትን እንድናገር ይፈለጋል፤ እኔ ደግሞ አላውቅም። መርማሪው ይህን መልስ በጠራኝ ቁጥር ሰምቶ ብዕሩን ይከድናል። ከዚያም በተረጋጋ ድምፅ፣ «እናትሽ ደህና ናቸው አይደል? ብቻቸውን ናቸው አሉ» ይላል። ሌላ ነገር አይጨምርም። ወደ ክፍሉ ስመለስ በጆሮዬ የሚቀረው ይኸው ነበር።

እናቴ በእርግጥ ብቻዋን ነበረች። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ከሰሜን እስከ ምሥራቅ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ ሲዘዋወር ኖሮ በመጨረሻ በአርባ ምንጭ ተቀበረ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በዚያው ከተማ ስመደብ አብረን መኖር ጀመርን። እኔ ከታሰርኩ በኋላ በየቀኑ ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ እስር ቤቱ ወዳለበት ወደ ሴቻ ያለውን ዳገት በእግሯ ወጥታ ስንቅ ታደርስልኝ ነበር። መተያየት አልተፈቀደልንም። በሩ ላይ ስሜ ይጠራል፤ ዘበኛው ምግቡን በቀጭን ሽቦ ወግቶ ይፈትሻል፤ ከዚያ ሳህኑ ይገባል። ባዶው ሳህን ሲወጣ እኔ መኖሬን ታውቃለች፤ ሙሉው ሲገባ እኔ እርሷ መኖሯን አውቃለሁ። ከዚህ በቀር የምንነጋገርበት መንገድ አልነበረንም።

አዘውትራ የምትልከው ሳምቡሳ ነበር። በዚያ ሙቀት ወጥ እስኪደርሰኝ ይኮመጥጣል፤ ሳምቡሳ ግን ይቆያል። የተማረችው አባቴ ድሬዳዋ ሲሠራ ከአንዲት ጎረቤቷ ነው። የሥጋ ሳምቡሳ ስትሠራ የማትደራደርባቸው ነገሮች ነበሩ። ሥጋው በቢላዋ ይከተፋል እንጂ በመፍጫ አይፈጭም፤ የተፈጨ ሥጋ ለጥርስ የሚተወው ነገር የለም ትላለች። ሽንኩርቱ ብዙ ይሆናል፤ ውሃው ተኖ እስኪያልቅ ይበስላል። ቃሪያው መጨረሻ ላይ፣ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይገባል። ጠርዙ በተበጠበጠ ዱቄት ተለጥፎ በአውራ ጣት ይጫናል። ከሁሉ በላይ ግን ሥጋው መብረድ አለበት። በሰፊ ትሪ ላይ ዘርግታው እጇን አጣምራ ትቀመጣለች። ትኩስ ሥጋ ከተጠቀለለ ላብ ያወጣል፣ ላቡ ሊጡን ያረጥባል፣ የረጠበ ሊጥ ደግሞ ዘይት ይጠጣል። እኔ ነገሩን በእንፋሎት ሕግ ላብራራላት ስሞክር፣ «እሱን ለተማሪዎችሽ» ብላ ታስቆመኛለች።

በጾም ወራት ሥጋው በምስር ይተካል፤ ሌላው ሕግ አይለወጥም። የማወራው ቀን በዐቢይ ጾም ውስጥ የዋለ ዓርብ ነበር።

ስሜ ተጠራ፤ ሳህኑ ገባ። ሳህኑ የእኛው ነው። ሳምቡሳውም እንደ ወትሮው ሦስት ማዕዘን ሆኖ በጨርቅ ተጠቅልሏል። አንዱን ገመጥኩና አፌ ቆመ። ሥጋ ነበር።

የጎረስኩትን በመሐረቤ ተቀበልኩት። ነጋዴዋ ቀና አለች።

«ምን ሆንሽ? ድንጋይ አገኘሽ?»

«ሥጋ ነው።»

«ታዲያ ሥጋ መጣልኝ ተብሎ ፊት ይገረጣል? ወዲህ በይው፣ እኔ ልገርጣበት።»

«እናቴ በጾም ሥጋ አታበስልም» አልኳት። «ሥጋ የነካ ቢላዋ እንኳ ለይታ ነው የምታስቀምጠው።»

ነጋዴዋ መሳቋን ተወች። የገረሴዋ ሴት አንዱን አንሥታ አሸተተችው፤ ከጫፉ ቆርሳ ቀመሰች። ቤተ ክርስቲያኗ በዐቢይ ጾም ከሥጋ አትከለክላትም ነበር። አማርኛዋ ወንድና ሴትን እያቀያየረ፣ ነገር ግን ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጠ የሚሄድ ነበር።

«እህቴ፣ ይሄ ዳጣ አለበት» አለችኝ። ዳጣ ቃሪያው ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር የሚወቀጥበት የአካባቢው ማባያ ነው። «የኛ ሰው ነው የሠራው። እናትሽ አልሠራም።»

የግቢያችን ጎረቤት ወዲያው ታየችኝ። ከኦቾሎ የመጣች፣ የሸማኔ ሚስት፣ ልጆቿን ይዛ በየእሑዱ ጸሎት ቤት የምትሄድ። የሳምቡሳ አጠቃለል የተማረችው ከእናቴ ነው። ሳምቡሳውን አገላብጬ መረመርኩት። ጠርዙ በአውራ ጣት ተጭኗል፤ ጣቱ ግን ከእናቴ ይሰፋል። ሊጡ ከታች ረጥቦ፣ ዘይት ጠጥቶ፣ ስነካው ይለጠፋል። እናቴ እቤት ብትሆን ኖሮ ይህ ሳህን በሌላ ሰው እጅ አይሞላም ነበር። ብትታመም እንኳ ከአልጋዋ ሆና ‹ጾም ነው› ትል ነበር። ስለዚህ እቤት አልነበረችም። የት እንደ ሆነች ግን ሳህኑ አይናገርም። ወስደዋት ይሆናል፤ ዳገቱ ላይ ወድቃ ይሆናል፤ ሦስተኛውን ግምት እስከ መጨረሻው ላስበው አልደፈርኩም።

ተነሥቼ ቆምኩ። ክፍሉ ለመንጎራደድ አይበቃም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተራመዱ የሰው እግር ይገኛል። ነጋዴዋ እግሯን ሰበሰበችልኝ።

በግቢው ማዶ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ አዲስ የገቡ ሴቶች ለምርመራ ተለይተው የሚቆዩበት ክፍል እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ዘበኛውን ‹እናቴ እዚያ ናት?› ብዬ ብጠይቀው መልስ አይሰጠኝም፤ ይባስ ብሎ ጥያቄዬን ለመርማሪው ያደርሰዋል። በእስረኛው መካከል ግን አንድ ልማድ ነበር። አዲስ ገቢ በመጀመሪያው ቀን ስንቅ ስለማይኖራት ስንቅ የደረሳት ታካፍላታለች። ዘበኞቹም ይህን ይፈቅዳሉ፤ ከመካከሉ ለራሳቸውም ይደርሳቸዋልና።

የዕለቱ ዘበኛ በዕድሜ የገፋ ሚሊሺያ ነበር። ሁለት ሳምቡሳ በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

«አንዱ ለእርስዎ ነው። አንዱን ማዶ አዲስ የገባች ሴት ካለች ይስጡልኝ። ከየት እንደ መጣ ካወቀች ደስ ይላታል፤ ከታሰረችው አስተማሪ ነው ይበሏት።»

«መኖሯን ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ከሌለች ሁለቱንም ይብሉት።»

ጨርቁን ገልጦ አየና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለፈ በደንብ አላስታውስም፤ ሰውነቴ ያደረገውን ግን አስታውሳለሁ። ተቀመጥኩ፤ ተነሣሁ። ነጠላዬን አጣጠፍኩ፤ ፈታሁት፤ መልሼ አጣጠፍኩት። በግድግዳው አናት ባለው ሽንቁር በኩል የዓባያ ሐይቅን ቀይ ውሃ ለማየት ተንጠራራሁ፤ አይቼውም ምን እንዳየሁ አላወቅሁም። ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል፤ በተንጣጣ ቁጥር በሩ የተከፈተ ይመስለኛል። የገረሴዋ ሴት በራሷ ቋንቋ በለሆሳስ ትጸልይ ነበር።

«ቲቸር፣ አንቺ ስትንቀሳቀሺ ጥጡ እላዬ ላይ ይረግፋል» አለች ነጋዴዋ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ግድ የለም፤ ተንቀሳቀሽ» አለችኝ።

ጥላው ሲረዝም ዘበኛው ተመለሰ። በእጁ ጨርቁን፣ በጨርቁ ውስጥ ሳምቡሳውን ይዟል። አልተነካም።

«እንኪ። አልበላም አለች።»

«ለምን?» አልኩት።

«ጾመኛ ነኝ አለች። ጾመኛ ብትሆን ዝም ብላ አትመልስም? አገላብጣ አየችው፤ አሸተተችው፤ ጠርዙን ዳሰሰችው። ከዚያ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?» ሳቁን መያዝ አቃተው። «‹ሥጋው ሳይበርድ ነው የተጠቀለለው፤ ሊጡ ላብ ጠጥቷል። ለሠራችው ንገሯት› አለችኝ! እስር ቤት ገብታ ስለ ሳምቡሳ!»

ነጋዴዋ ጮክ ብላ ሳቀች፤ ዘበኛውም ከእርሷ ጋር ሳቀ። የገረሴዋ ሴት ክንዴን ያዘችኝ፤ ዕንባዬ እንዳይታይ ይሁን እንዳልወድቅ አላውቅም። ይህን ዓረፍተ ነገር ሊናገር የሚችል ሌላ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። እናቴ በሕይወት ነበረች። ተይዛለች፤ ከእኔም ጥቂት ራቅ ብላ፣ እንደ ወትሮዋ ሆና ተቀምጣለች።

«እባክዎ ይህን ብቻ ያድርሱልኝ» አልኩት። «ይቅርታ ብላለች፤ ሁለተኛ ሳይበርድ አይጠቀለልም ብላለች ይበሏት።»

«ደግሞ የሳምቡሳ መልእክተኛ ልሁን!» እያለ ወጣ። እንዳደረሰላት ያወቅሁት ኋላ ነው።

የተመለሰውንና የቀሩትን ለማይጾሙት አካፈልኩ። ነጋዴዋ ስትበላ፣ «እናትሽ እውነቷን ነው፤ ትንሽ ይለጠፋል» አለች፤ ጣቷንም ላሰች።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። በዚያ ቀን ከወረቀቱ አልጀመረም። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ በትዕግሥት ተመለከተኝ።

«እናትሽ የት እንዳሉ ታውቂያለሽ?»

ሌሊቱን ለዚህ ጥያቄ ስዘጋጅ አድሬ ነበር። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አኖርኩ።

«አውቃለሁ። እዚሁ ናት። ጾመኛ ስለ ሆነች ምግቧ ምስር ቢሆን ደግ ነው።»

ወንበሩን መልሶ ወደ ጠረጴዛው ሳበ። «ማን ነገረሽ?» አለኝ።

«ማንም። ስንቄ ተለውጧል።»

ብዕሩን ከፈተ፤ ያልጻፈበት ብዕር መልሶ ተከደነ። ስለ ባልደረባዬ እንደገና ጠየቀኝ፤ እንደገና አላውቅም አልኩት። ‹ብቻቸውን ናቸው አሉ› የሚለውን ግን ከዚያ በኋላ አልደገመውም።

እናቴን ከትንሣኤ በፊት ለቀቋት። የምስር ሳምቡሳዋም፣ ጠርዙ በቀጭን አውራ ጣት የተጫነው፣ ወደ እኔ መምጣቱን ቀጠለ። እኔ የወጣሁት ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው።

ጎረቤታችንን ስለዚያ ዓርብ የጠየቅኋት በወጣሁ ዕለት ነው፤ እንደ አገሯ ልማድ የቡና ቅጠል አፍልታ ጠበቀችኝ። እናቴን ጎሕ ሲቀድ ሲወስዷት አይታለች። ሳህኑ ከቀረ እኔ እንደምደነግጥ ታውቃለች። ስለዚህ የእናቴን ሳህን ከደጃፉ አንሥታ፣ ለልጆቿ ያበሰለችውን ሥጋ በእናቴ አጠቃለል ጠቅልላ፣ ያን ዳገት ወጣች።

«እናትሽ የሠራው እንዲመስልሽ ብዬ ነበር» አለችኝ። «የጾሙ ነገር ትዝ አላለኝም።»

«አልበረደም ነበር።»

«እንዴት ይበርዳል? የስንቅ ሰዓት ያልፋላ።»

እናቴ አጠገባችን ነበረች። አንገቷን ደፍታ ቅጠሉን ከስኒዋ ትለቅም ነበር። «ጾም መሆኑ ነው እንጂ» አለች፣ «አጠቃለልሽስ ተሻሽሏል።»

ዛሬ እኔ በዚያን ጊዜው የእናቴ ዕድሜ ላይ ነኝ። እርሷ ካረፈች ቆይቷል። ሳምቡሳ ስሠራ ሥጋውን በቢላዋ እከትፋለሁ፤ ሽንኩርቱን አበዛለሁ፤ ቃሪያው ላይ ግን ጥቂት ዳጣ እጨምራለሁ፤ እናቴ ብታየኝ አትስማማም። ከዚያ በሰፊ ትሪ እዘረጋዋለሁ። እርሷ እጇን አጣምራ ትጠብቅ ነበር፤ እኔ እስከ ዛሬ አልቻልኩም። እስኪበርድ ድረስ ወጥ ቤቱ ውስጥ እቆማለሁ፤ ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ፤ ወደ ትሪው እመለሳለሁ፤ በእጄ ጀርባ እነካዋለሁ።

ገና ነው።