ወባን ሽሽት ወደ ደጋ

ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት፣ ጎህ ሲቀድ

መናኸሪያው ሳይነጋም ይሞቃል። ሽንኩርት የጫኑ አይሱዙዎች መንገዱን ዘግተውታል። ባለቤቴ ሰዓዳ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። አምና በዚሁ ወር ወባ ይዟት አስወረዳት፤ ዘንድሮም አንዴ ታማ ተነሥታለች። ሐኪሙ "ሁለተኛ እንዳይዛት ተጠንቀቁ" ብሎናል። እሱ ለማለት ምን አለበት?

ስለዚህ እስክትወልድ ደጋ ላወጣት ነው። የይፋት ሰው ወባ ሲያደክመው አየር ለመቀየር የሚወጣው ከደብረ ሲና በላይ፣ ተራራው ሥር ወዳለችው መንደር ነው። መንደሯ ቆላ የጣለውን ስታነሣ ኖራለች። አባቴም በቃሬዛ ወጥቶ በእግሩ ተመልሷል።

ረፋድ፣ ዳገቱ ላይ

ሚኒባሱ ያቃስታል፣ ጆሮ ይደፈናል።

"እህቴ፣ መስኮቱን ልዝጋልሽ? ብርድ ጀመረ" አላት ሾፌሩ።

"ተወው፣ ለእሱ አይደል የመጣሁት። አልሐምዱሊላህ፣ በረደኝ" አለች ሰዓዳ። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ አየኋት። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛሁላት፤ ዋጋው ሰማይ ነክቷል፣ ግን አልተከራከርኩም።

ከሰዓት፣ መንደሯ

የድንጋይ ቤቶች፣ የገብስ ማሳ፣ በየደጁ ሕመምተኛ ፀሐይ የሚሞቅበት መደብ። ዛሬ መደቦቹ ባዶ ናቸው። ያኔ አባቴን ያስታመሙት ሴትዮ ልጅ፣ እትዬ ወርቄ፣ ጋቢ ተከናንበው ወጡ። ፀሐይ ላይ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ።

"ጉንፋን ያዘዎት እንዴ?" አልኳቸው።

"ጉንፋን በሆነ። ወባ ነው አሉኝ።"

"ወባ? እዚህ?"

"ካቻምና ጀመረች። መጀመሪያ ቆላ የወረደ ሰው ነው ያመጣት ሲሉ ነበር። እኔ ቆላ ወርጄ አላውቅም። ብርዱ ጠፋ ልጄ፣ እሷም ሰውን ተከትላ የመጣች ይመስል ወጣች።"

ሰዓዳ አላየችኝም።

"አልጋው እንዳለ ነው፣ ግቡ" አሉ እትዬ። "አጎበር ይዛችኋል?"

አልያዝንም። ደጋ ለሚወጣ ሰው አጎበር ምን ያደርግለታል ብለን ለጎረቤት ሰጥተነዋል። እትዬ ወርቄ የራሳቸውን ሊፈቱልን ወደ ጓዳ ዞሩ። ሰዓዳ እጃቸውን ይዛ አስቀረቻቸው፤ ትኩሳታቸው መዳፏን አቃጠላት።

መደቡ ላይ ተቀመጠች። ሆዷን ይዛ ከመንደሯ በላይ ያለውን ተራራ ቀና ብላ ስታይ ቆየች።

"እትዬ፣ ከዚያ በላይስ ቤት አለ?"

"የለም ልጄ" አሉ። "ከዚህ በላይ ሰው አይኖርም።"