ፐርፍል የሚባለው ቃል

የመጨረሻው ደህና ቀን እሁድ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ አቬኑ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቁ የሐበሻ ልብስ ይሰፋል። እኔ ከሳን ሆዜ ሄጄ ሳግዘው ዋልኩ። ጥለት ለሚለው ቃል እንግሊዝኛ ሲፈልግ ከርሞ አንድ አግኝቶ ነበር፤ ፐርፍል። የልብስን ጠርዝ በጥልፍ ማስጌጥ ማለት ነው። ቀሚሶቹ ላይ በሚንጠለጠለው ታግ ሊጽፈው አሰበ።

«ቦርደር በለውና ተገላገል፤ ይህን ማን ያውቀዋል?» አልኩት።

«ቦርደርማ ፓስፖርት የሚጠየቅበት ነው» ብሎ ሳቀ።

ማታ ቴክስት ላከልኝ። «ፐርፍሉ አልቋል፤ ሐሙስ ና» ይላል።

በማግስቱ ለጥገኝነት ጉዳዬ ኢሚግሬሽን ቢሮ ቀጠሮ ነበረኝ። ሄድኩ፤ እዚያው ያዙኝ። ሀገር ቤት በፖለቲካ ታስሬ ስለነበር እስር ቤትን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። የዚያኛው ክፍል ሰው ሰው ይሸት ነበር። ይሄኛው በረኪና በረኪና ይላል። መብራቱ አይጠፋም።

ክፍሉ ውስጥ አንድ የወሎ አዛውንት ነበሩ፤ ታክሲ ነጂ። ትርፍ ብርድ ልብሳቸውን ሰጡኝ። አላመንኳቸውም። ሀገር ቤት እንዲህ ደግ የሆነልኝ እስረኛ ለመርማሪው ነበር የሚያወራው።

የሚመረምረኝ የኢሚግሬሽን መኮንን ስልኬን ከፍቶት ነበር። አስተርጓሚው ከሩቅ ሆኖ በስልክ ስፒከር ነው የሚናገረው፤ መልኩን አላየሁም። ፐርፍል ምንድነው ተባልኩ። ጥለት ነው አልኩ። መኮንኑ ትርጉሙን ፈልጎ አግኝቶታል፤ ቃሉ መኖሩን አልካደም። ግን ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ሲናገር አንድም ሰው ሲጠቀምበት አልሰማም። ታዲያ ሁለት ስደተኛ ወንድማማቾች ለምን ይጻጻፉበታል? ያለቀው ምንድነው? ሐሙስ ምን አለ? መለስኩለት። መልሴ ለራሴም እውነት አልመስል አለኝ።

ሐሙስ ከሰዓት እንደገና ጠሩኝ። መኮንኑ አጭር ነገር ተናገረ። ከዚያ አስተርጓሚው፣ «ወንድምህ ትናንት በልብ ሕመም አርፏል ነው የሚለው» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ነበር። በፈቃዴ ወደ ሀገሬ ለመመለስ ከፈረምኩ፣ አስከሬኑ ሲላክ ለቀብሩ እደርሳለሁ ተባልኩ። ያኔ ያሰሩኝ ሰዎች ያሉት ደግሞ እዚያው ሀገር ቤት ነው።

አላለቀስኩም። መርዶ እንዲህ አይነገርም። የእኛ ሰው ጎህ ሳይቀድ ተሰብስቦ ይመጣል። ወጥመድ ነው ብዬ ወረቀቱን ገፋሁት። ሊያወጡኝ ሲሉ አስተርጓሚው፣ «ክፍልህ ውስጥ የእኛ ሰው አለ?» አለ። ይህን መኮንኑ አልጠየቀም። ሊሰልለኝ መስሎኝ ሳልመልስለት ወጣሁ።

ለአዛውንቱ የነገርኳቸው፣ ወሬ አቀባይ ከሆኑ ፊታቸው ያሳብቃል ብዬ ነው። ቁጥሯን ከእኔ ተቀብለው ኮሪደሩ ላይ ካለው ስልክ ለወንድሜ ሚስት ደወሉ፤ እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ ቆምኩ።

«ደህና ነው፤ ትንሽ ደክሞት ተኝቷል» አለች።

እኔ እፎይ አልኩ። እሳቸው ስልኩን ቀስ ብለው ሰቀሉት። ቀና ብለው አላዩኝም።

ጎህ ሳይቀድ እጄን ሲነኩኝ ነቃሁ። ከሁለት ስፓኒሽ ተናጋሪ እስረኞች ጋር ቆመዋል። ሰው እንዲሞላ ብለው ነው የቀሰቀሷቸው። ሦስቱም ፊታቸውን ታጥበዋል።

«ልጄ፣ እሷ በስልክ መርዶ እንዴት ትንገርህ? እኔ ልንገርህ። ወንድምህ አርፏል። አላህ ያጽናህ።»

ያኔ አመንኩ፤ አስተርጓሚው የእኛ ሰው አለ ወይ ያለኝም ለምን እንደሆነ ገባኝ። አለቀስኩ።

በኋላ በዋስ ወጣሁ። ዛሬ ሱቁን የምከፍተው እኔ ነኝ። ታጉ ላይ ፐርፍል ይላል፤ ደንበኞች ይጠይቁኛል፤ እነግራቸዋለሁ። ቃሉን በወግ ሲጠቀምበት የሰማሁት ሰው ግን እስካሁን ወንድሜ ብቻ ነው።

መርዶውን በሰማሁበት በዚያ ጠዋት ነጠላ አልነበረኝም። ብርድ ልብሱን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቄ፣ ጠርዙን ወደ አንገቴ አድርጌ መሬት ተቀመጥኩ። ሦስቱ ሰዎች አብረውኝ ተቀመጡ። መኮንኑ ወረቀቱን ይዞ ክፍላችን ድረስ መጣ። ያን አውርድና ተነስ አለኝ። ተነሳሁ፤ ብርድ ልብሱን አላወረድኩም። ሐዘን ላይ ነኝ አልኩት፣ በማውቃት እንግሊዝኛ። የዘረጋልኝን ብዕር ሳልፈርምበት መለስኩለትና ለቅሶዬ ላይ ተቀመጥኩ።